ካርታሄና የቀረ ጫማ

ዋጋዬ ለፌርየ፣ ለዓመት ዕረፍቷ፣ ካርታሄና ልትሄድ መሆኑን ስታወራ፣ ከተማዋ በየት በኩል እንደምትገኝ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም የጠየቋት ሌላ ነገር ነው።

«እዚያ ማን አለሽ?»

«ማንም የለኝ።»

«እንዴ! ታዲያ ምን ልታደርጊ ትሄጃለሽ?»

አይፈረድባቸውም። ሐበሻ ከአገር አገር የሚሻገረው ሰርግ ሲጠራ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ወይ እህቱ ስትወልድ ነው። ከዚህ ውጭ ሻንጣ ያነሳ ሰው ወይ ሊያገባ ነው፣ ወይ ታሞ ደብቋል። ኖርዌጂያኖቹማ በክረምቱ እኩሌታ ብድግ ይሉና፣ ዘመድ በሌላቸው አገር፣ በማያውቁት ባሕር ዳር ተጋድመው፣ እንደ ሚጥሚጣ ቀልተው ይመለሳሉ። የእነሱ ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። ዋጋዬ ግን የኦስሎዋ ሊንደበርግ ነዋሪ፣ ቤት ለቤት እየዞረች ሽማግሌ የምትጦር የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሠራተኛ፣ ከሁሉም በላይ የመዘምራን አባል ናት። መዘምር ያለ ምክንያት ውቅያኖስ አያቋርጥም።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ እትዬ ታየች ካፖርት መስቀያው ጥግ አስጠጓት። እትዬ ታየች የጸሎት ቡድኑ መሪ ናቸው፤ ሰው ችግሩን ከማወቁ በፊት እሳቸው ጸልየውለት ያድራሉ።

«ልጄ፣ ለእኔ እንኳ ንገሪኝ። ሰውዬው አማኝ ነው?»

«የቱ ሰውዬ፣ እትዬ?»

«ይሁን፣ አትንገሪኝ። እኛ ግን ጀምረናል።»

«ምኑን?»

«ጾሙን ነዋ!»

አጠገባቸው ካፖርቷን የምትቆልፈው ሀሌሉያ፣ ኦስሎ ተወልዳ ያደገችው የመዘምራኑ ታናሽ፣ ሳቋ አመለጣት። «ኧረ፣ እትዬ! ፌርየ ነው እኮ። ፀሐይ፣ ባሕር፣ በቃ!»

«አንቺ ዝም በይ። ፀሐይ ፍለጋ እዚያ ድረስ? ሐምሌ እዚሁ ትወጣ የለም እንዴ?»

በማግስቱ እትዬ ታየች በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ በርበሬ ይዘው መጡ።

«ይኼ ለማን ነው?»

«እዚያ ላለ ሐበሻ።»

«እዚያ ሐበሻ የለም አልኩዎት።»

«ሐበሻ የሌለበት አገር የለም። ፈልጊ ብቻ።»

ዋጋዬ ፌስታሉን ተቀበለች። ምን ታድርግ፤ «አልወስድም» የሚለውን ቃል እናቷ አላስተማረቻትም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አደራ ስትሸከም ኖራለች። አዲስ አበባ ስትሄድ ቫይታሚን፣ ስትመለስ ሽሮ። የራሷ ልብስ ሁልጊዜ ጥግ ጥጉ ላይ ተሸጉጦ ነው የሚሄደው። የዚህን ጉዞ ሐሳብ የወደደችውም ለዚሁ ነበር፤ አንዲት ሳምንት፣ የማንም ያልሆነች፣ ማንም የማይጠብቃት፣ ሻንጣዋ ውስጥ ነጠላ ጫማዋና የዋና ልብሷ ብቻ የሚንሸራተቱባት ሳምንት። በርበሬው አንድ ጥግ ይያዝ ግዴለም።

ካርታሄናን ያገኘቻት ደግሞ ካርታ ላይ አይደለም። ትቬይታ በሚባለው የኦስሎ ሠፈር፣ ከረጃጅሞቹ ሕንጻዎች በአንደኛው፣ አናቱ ላይ ነው ያገኘቻት።

እዚያ አቦይ ዑቕባይ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ መርከበኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከምጽዋ በኖርዌይ የጭነት መርከብ ተሳፍረው፣ ዓለምን እንደ ክር ጥቅልል ሲተረትሩ ኖረው፣ ክሩ ሲያልቅ ኦስሎ የተገኙ ኤርትራዊ። ዋጋዬ ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸውን ታጸዳላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ታስውጣቸዋለች። ወሬ የሚጀምሩት የወለል መጥረጊያው ማሽን ሲነሳ ነው፤ ድምፁ የመርከብ ሞተር ይመስላቸዋል መሰለኝ።

«ከተማዪቱ በግንብ ታጥራለች፣ ጓለይ» ይላሉ፤ ልጄ ሲሏት በራሳቸው ቋንቋ ነው። «ግንቡ ቢጫ ነው። ጠዋት ቢጫ ነው፣ ማታ የበሰለ ፓፓያ ይመስላል። ድሮ እስፓኞሎቹ ወርቁን ከምድሩ ሰዎች ዘረፉና፣ ሌባ እንዳይወስድባቸው አጠሩት።»

ዋጋዬ ማሽኑን ታጠፋለች። ከመስኮቱ ውጭ በረዶው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሄዳል። ከታች የገበያ አዳራሹ መብራት፣ የሜትሮው ሐዲድ፣ ጥቁር ጥድ። ክፍሉ ውስጥ ግን ሰገነቶች ይወጣሉ፤ ከሰገነቶቹ ሐምራዊ አበባ ይዘረገፋል፤ ሴቶች ፍራፍሬ በራሳቸው ተሸክመው ምንጣፉን አቋርጠው ወደ ማዕድ ቤት ያልፋሉ። ማሽኑን መልሳ ስታስነሳ የሴቶቹን እግር እንዳትነካ ትጠነቀቅ ነበር።

ቲኬቱን የቆረጠችው አንድ ሐሙስ ከዚያ ቤት ወጥታ፣ ሊፍቱ ውስጥ ሆና በስልኳ ነው። መሬት ስትደርስ ተከፍሎ አለቀ።

ስትነግራቸው አቦይ ዑቕባይ «እዚያ ማን አለሽ?» አላሉም። በምርኩዛቸው ወደ ቁም ሳጥኑ ጠቆሙ።

«ከታች ያለውን ካርቶን አምጪው።»

ካርቶኑ ውስጥ አንድ ጫማ አለ። የግራ እግር፣ ቡናማ፣ ሹል አፍንጫ፣ ፊት ሊታይበት እስኪችል የተወለወለ።

«ሌላውስ?»

«ሌላው እዚያ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ደመወዛቸው የገዙት ጫማ ነበር። ካርታሄና መርከባቸው በቆመበት ዕለት የቀኙ ሶል ተገነጠለ። ከሰዓቱ ማማ አጠገብ፣ ከቅስቶቹ ሥር ለተቀመጠ ጫማ ሰፊ ሰጡት። «ነገ ጠዋት ይደርሳል» አላቸው። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ እያነከሱ ወደ መርከብ ተመለሱ፤ ባልደረቦቻቸው ሳቁባቸው። ጠዋት ሲነቁ ግን ዙሪያቸው ውኃ ነው። ካፒቴኑ ጭነቱ ቀድሞ አልቆለት፣ ጎሕ ሳይቀድ መልሕቁን አንስቶ ሄዷል።

«ለምን አንዱን ብቻ ሰጡት?»

«ሁለተኛው አልተቀደደማ! ያልታመመ ሰው ሐኪም ቤት ይወሰዳል?»

ዋጋዬ ፈገግ አለች። «አቦይ፣ እውነት ጫማ ነው? ወይስ እዚያ የቀረች ሴት አለች?»

«ጫማ ነው ያልኩሽ!» ምርኩዙ ወለሉን መታ። «ሴት ብትሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ረስቻት ነበር።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቁም ነገሩን ተናገሩ፤ ዋጋዬም ጉዞዋ ከእንግዲህ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ያወቀችው በዚህ ነው። አቦይ ዑቕባይ በዚያ ክረምት ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ ሁለተኛው ጊዜ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል መነሳት አልቻሉም። ኮሙኑ «ሲከየም» በሚባለው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ክፍል አግኝቶላቸዋል። ክፍሉ ብዙ አይቆይም፤ ተረኛ ሞልቷል። እሳቸው ደግሞ እምቢ ብለዋል። ሦስተኛው ውድቀት የመጨረሻው እንደሚሆን ዋጋዬም፣ ኮሙኑም፣ ራሳቸውም ያውቃሉ።

«አሁን ስሚኝ። ይኼን የግራውን ውሰጂና ወንድሙን ፈልጊው። የጫማዬን ወሬ ሳልሰማ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። አንድ እግሬን ባሕር ማዶ ትቼ በየትኛው እግሬ ነው ሲከየም የምገባው?»

«አቦይ፣ ስንት ዘመን አልፎታል እኮ…»

«ዕቃውን ያልወሰደ እኔ ነኝ። እሱ ነገ ጠዋት ብሎኛል።»

የማንም ያልሆነችው ሳምንት እዚያው ላይ ባለቤት አገኘች። ዋጋዬ ጫማውን በሹራቧ ጠቀለለችው።

*

ካርታሄና ስትወርድ ሙቀቱ እንደ ገጠር አክስት አቀፋት፤ አንገቷ ሥር ገብቶ፣ ትንፋሿን ነሥቶ፣ አልለቅም አለ። ማን አለሽ ላላችሁኝ፣ ይኸው፣ አለች በሆዷ።

ከተማዋን ታውቃታለች። እንግዳ ነገር ነው፤ አቦይ ዑቕባይ «ወደ ቀኝ» ባሉበት ስትታጠፍ ቀኝ ይጠብቃታል። ሰገነቶቹ ከነአበባቸው ወጥተው ቆመዋል። ፍራፍሬ የተሸከሙት ሴቶች ከትቬይታ ማዕድ ቤት ወጥተው አሁን ገና የደረሱ ይመስል ላብ በላብ ሆነዋል። ግንቡ ላይ ወጥታ ትሄዳለች፤ በአንድ ጎኗ ባሕር፣ በሌላው ጣሪያ። የመድፍ መተኮሻ በነበሩት ቀዳዳዎች ውስጥ ፍቅረኛሞች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ረጃጅም ክንፍ ያላቸው ጥቁር ወፎች ሳይርገበገቡ ሰማዩ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ ማንም እንዳልሰቀላቸው፣ ማንም እንደማያወርዳቸው። ጊዜው እንደ ማር ይንጠባጠባል። ዛሬ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ ሳታውቅ ትውላለች።

ከሁሉ የገረማት ደግሞ ሰዎቹ ናቸው። ኦስሎ ውስጥ ገና አፏን ሳትከፍት «ከየት ነሽ?» የምትባል ሴት፣ እዚህ መንገድ ይጠይቋት ጀመር። በእስፓኞልኛ ያወርዱታል፤ መልኳን አይተው የአገሩ ልጅ ናት ብለው። አላውቅም ማለት ነውር መስሎ ስለተሰማት፣ እጇን በልበ ሙሉነት ወደ አንዱ አቅጣጫ ትዘረጋለች። አመስግነው ይሄዳሉ። በእሷ ምክንያት ስንት ሰው በዚያ ሳምንት ባሕር ዳር እንደደረሰ እግዜር ይወቀው።

አንድ ጠዋት ትልቅ የሽርሽር መርከብ ቆሞ ነጫጭ እግሮች አደባባዩን ሞሉት። ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ካሜራዋን ወደ ዋጋዬ አነሳችና ለባሏ በጠራ ኖርዌጂያንኛ አለችው፤ «እያት፣ እንዴት ታምራለች! ፍራፍሬዋን የት አስቀምጣው ይሆን?»

«ፍራፍሬዬ ሊንደበርግ ነው ያለው» አለች ዋጋዬ በዚያው ቋንቋ፣ «ፍሪጅ ውስጥ።»

ካሜራው ወረደ። ባልየው ባርኔጣውን አወለቀ። «ሊንደበርግ? የእኛዋ ሊንደበርግ? አንቺዬ፣ የአገራችን ልጅ ናት እኮ!» ሁለቱም አቀፏት፤ ሴትዮዋማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዋጋዬ በኖርዌጂያን አፍ «የአገራችን ልጅ» የተባለችው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ነው። ለዚህ አንድ ውቅያኖስ ማቋረጥ ብቻ ነው ያስፈለገው።

የሰዓቱ ማማ፣ ቅስቶቹም አሉ። ከቅስቶቹ ሥር ግን ጫማ ሰፊ የለም። ሴቶች በትላልቅ ብርጭቆ የኮኮናት ከረሜላ ይሸጣሉ። ከፊታቸው ያለው አደባባይ ድሮ በመርከብ የመጣ ሰው ከነነፍሱ የተሸጠበት ነው፤ እሷን የሚመስል ሰው። ዋጋዬ አንድ ከረሜላ ገዝታ አፏ ውስጥ ከተተች። በጣም መጣፈጡ አሳፈራት። ቢሆንም ጨረሰችው።

ጫማውን ከሻንጣ ሳታወጣ እስከ መጨረሻው ቀን አቆየችው። ፈርታ ነበር። ካልፈለገችው አልጠፋም፤ ፈልጋ ካጣችው ግን ሦስተኛው ውድቀት የሷ ይሆናል። በመጨረሻው ከሰዓት፣ በርበሬውን በአንድ እጇ፣ ጫማውን በሌላው ይዛ፣ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ሠፈር ወጣች። እዚያ ከሰማያዊ ግድግዳ ሥር አንድ ጥርስ አልባ ሽማግሌ፣ መዶሻና ሙጫ ዘርግቶ አገኘች። ጫማ ሰፊ ነው።

ቋንቋ የላቸውም። ዋጋዬ በእጇ መርከብ ሠራች፤ ማዕበል አደረገች፤ በአንድ እግሯ እያነከሰች ሄደች፤ የግራውን አሳይታ የቀኙን ፍለጋ መዳፏን ዘረጋች። ሽማግሌው አስተውሎ ተመለከታትና ገባው። ማለት፣ ገባው መሰለው። ይህች ምስኪን አሁን፣ እዚሁ መንገድ ላይ፣ አንድ ጫማዋ ወድቆባታል።

ተነስቶ ጮኸ። ሰፈሩ ወጣ።

መኪና ሥር ያየ አለ፤ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ በዱላ የቆፈረ አለ። አንዲት ሴት ከሰገነቷ ጠይቃ ተረዳችና ገብታ አንድ ጫማ ወረወረች። የሚፈለገው አልነበረም። ከማዶው በር ሌላ መጣ። ለካስ በየቤቱ ጓደኛው የጠፋበት አንድ ጫማ አለ፤ ሰው አይጥለውም፣ አይጫማውም፣ ብቻ ያስቀምጠዋል። የወታደር ቦት መጣ፤ የሙሽራ ነጭ ተረከዝ መጣ፤ የኳስ ጫማ፣ የሕፃን ሰንደል። ሰማያዊው ግድግዳ ሥር ተደረደሩ፣ ሁሉም ነጠላ፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ። ፀሐይዋ እየዘቀዘቀች ግንቡን ፓፓያ አደረገችው። ዋጋዬ ከአንዱ ወደ አንዱ እያጎነበሰች የአቦይን የግራ እግር ታጋጥም ነበር። ከልቧ፣ ቀስ ብላ፣ እንደሚያገኝ ሰው። ሰፈሩ ትንፋሹን ውጦ ያያታል።

አልተገኘም።

«አዪ…» አለ ሰፈሩ፤ ያ ድምፅ ግን ትርጉም አያሻውም።

ያሳዘነቻቸው ልጅ ደግሞ በበኩሏ አዘነችላቸው፤ በርበሬውን ፈትታ አስቀመሰቻቸው። ጫማ ሰፊው በጣቱ ጫፍ ላሰና አለቀሰ፤ እያለቀሰ ደገመ። ከዚያ ውለታ መመለስ አለበትና፣ የግራውን ጫማ ከእጇ ወሰደ። ገልብጦ ሶሉን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ። ሶሉን በጥፍሩ ሲልጥ፣ ጫማው አፉን ከፈተ። አዲስ ሶል እሠራልሻለሁ ማለቱ ነው። በነጻ ነው። ሰፈሩ አጨበጨበ።

«ማኛና» አላት። ነገ፤ ጠዋትም ማለት ነው።

ዋጋዬ ይህን ቃል ታውቀዋለች። አውሮፕላኗ ዛሬ ማታ እንደሆነም ታውቃለች። አሁን አባት ለሚሆን ሽማግሌ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለእሷ ሲል ቦይ በቆፈረ ሰፈር ፊት፣ «አይ፣ መልስልኝ» ይባላል? ሌላ ሰው ይል ይሆናል። ኖርዌጂያን ቢሆን በትሕትና ይለዋል። ሀሌሉያም ትለው ነበር። ዋጋዬን ግን ይሉኝታ ያዛት።

«ሲ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። «ሲ፣ ማኛና።»

ጫማው ምን እንደደረሰበት የገባት አውሮፕላኑ ውስጥ ቀበቶዋን ስታስር ነው። ከታች የከተማዋ መብራት እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተበትኖ ነበር።

*

ሐሙስ ደረሰ። ትቬይታ በረዶ ነው። ሊፍቱ ሲወጣ ዋጋዬ መሐል ላይ ቢበላሽ ብላ ጸለየች፤ እትዬ ታየች የጀመሩት ጾም ለዚህ እንኳ አልጠቀመም፣ ከምንጊዜውም ፈጥኖ አደረሳት።

አቦይ ዑቕባይ ካፖርታቸውን ለብሰው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። እጇን አዩ። ባዶ ነው።

«የቀኙስ?»

«አልተገኘም፣ አቦይ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን የጠበቁት ይመስላል።

«በይ የግራዬን መልሺልኝ።»

ዋጋዬ የወለል መጥረጊያውን ማሽን ይዛ ቆመች፤ ገመዱን ታፍተለትላለች። «የግራው… ሊሰፋ ሰጥቼው ነው።»

«የት?»

«እዚያው።»

«ማን አሰፊልኝ አለሽ?»

«ሽማግሌ ናቸው፣ አቦይ። ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። አይ ማለት… ነውር ሆነብኝ።»

«መቼ ይደርሳል አለሽ?»

አንገቷን ደፋች። «ነገ ጠዋት።»

ከታች ሜትሮው አለፈ። ዋጋዬ ቀና ብላ ለማየት ፈራች፤ የሰማችው ድምፅ መጀመሪያ ሳል መሰላት። አቦይ ዑቕባይ እየሳቁ ነው። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ምርኩዛቸው ከእጃቸው አምልጦ፣ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ ሳቁ።

«አንቺንም! አንቺንም ነገ ጠዋት አሉሽ!»

ሳቁ ሲበርድ እንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ። ከዚያ ጠየቁ፣ «ሰፊው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ጥርስ የላቸውም። በርበሬ ቀምሰው አለቀሱ፤ ግን ደገሙ።»

«ደህና ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዕቃ አያጠፋም።» ባዶውን ካርቶን ከጉልበታቸው ላይ አነሱና ገልብጠው አዩት። «ግንቡስ?»

«ቢጫ ነው። ማታ ማታ ፓፓያ።»

«እ።» መስኮቱን እያዩ ቆዩ። «ስሚ፣ ጓለይ። ጫማ አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ ሲሆን ጠፋ ይባላል። ሁለቱም አንድ ከተማ ካሉ ግን አልጠፋም። ተቀመጠ ነው የሚባለው።» ካርቶኑን አጥፈው ሰጧት። «ይኼን ጣይልኝ። ከዚያ ለዚያች ለኮሙኗ ልጅ ደውዪላት። ክፍሉ ካልተያዘ እመጣለሁ በያት።»

ክፍሉ አልተያዘም ነበር።

ሲከየም የገቡ ዕለት ዋጋዬ ሻንጣቸውን ይዛላቸው ሄደች። ቀላል ሻንጣ ነበር፣ የሚንሸራተት። የምትቀበላቸው ነርስ ወጣት ኖርዌጂያን ናት፤ በሩ አጠገብ ካለው የጫማ መደርደሪያ ፊት ቆማ፣ እግራቸው ላይ ያለውን የቤት ነጠላ ጫማ አየችና ፈገግ አለች።

«የውጭ ጫማ የለዎትም እንዴ?»

«አዎ፣ አለኝ» አሉ አቦይ ዑቕባይ፤ ቅር ብሏቸዋል። «ሊሰፋ ሰጥተነው ነው።»

«መቼ ይደርሳል?»

አቦይ ዑቕባይ ዋጋዬን አዩ። ዋጋዬም አየቻቸው።

«ነገ ጠዋት» አሉ፣ እኩል።

ነርሷ መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርጋ፣ የሁለት እግር ቦታ አበጀች።